የጅብ ጥላ ወይስ የጾም ወጥ? በሀዋሳ ስለ ዱር እንጉዳይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ይሄ ይበላል?» የሚል አንድ መስመር ይመጣል፤ ከሥሩ የደበዘዘ ፎቶ። የሚልኩት እንጉዳይ እንደምወድ የሚያውቁ ጎረቤቶች፣ ዘመዶች፣ አንዳንዴም የዘመድ ዘመዶች ናቸው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ሲጾም ደግሞ ይብስባቸዋል። ሽሮውም ምስሩም ይሰለቻል። ዝናቡ በበኩሉ ደጃፍ ላይ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሥጋ የመሰለ ነገር በነጻ ያበቅላል። ማን ያልፈዋል?

ሐኪም አይደለሁም። እንጉዳይ ስለቅም፣ ስቆርጥ፣ ስጥል የከረምኩ የሀዋሳ ሰው ነኝ። በየክረምቱ አንድ በአንድ ስመልሳቸው የኖርኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

እንጉዳይና የጅብ ጥላ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በሰው አነጋገር የሚበላው እንጉዳይ ነው፣ የማይበላው የጅብ ጥላ። ስሙ ደስ ይላል፤ ጅብ በዝናብ ሌሊት ጥላ ዘርግቶ ሲሄድ ይታየኛል። ችግሩ ግን ስሙ የሚወጣለት ከተበላ በኋላ መሆኑ ነው። ሰው ካልታመመ እንጉዳይ ነበር ይባላል፣ ከታመመ የጅብ ጥላ። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ሁለቱም ጃንጥላ ናቸው።

ሁለቱም ፈንገስ ናቸው፤ ተክል አይደሉም። እኛ የምናየው ፍሬውን ነው። ዋናው አካል አፈር ውስጥ ወይም የበሰበሰ እንጨት ውስጥ የተዘረጋ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ነው። ዝናብ ሲያገኝ በአንድ ሌሊት ፍሬውን ብቅ ያደርጋል። አምና የበቀለበት ቦታ ዘንድሮም የሚያበቅለው ክሩ እዚያው ስላለ ነው። መርዛማውም እንደዚያው ነው፤ በየዓመቱ ቀጠሮውን ያከብራል።

ሀዋሳ አካባቢ መቼና የት ይገኛል?

በበልጉ ዝናብ፣ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ብቅ ብቅ ይላል። ዋናው ወቅት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከተማችን ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ለፈንገስ ድግስ ነው።

የግቢና የሆቴል ሣር ላይ፣ በእንሰት ጓሮ ጥላ ሥር፣ የወደቀ የግራር ግንድ ላይ፣ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ሥር፣ ከከተማ ወጣ ሲሉ ደግሞ ኩይሳ ዙሪያ ታገኙታላችሁ። ወደ ወንዶ ገነት ጫካ ከሄዳችሁማ ዓይነቱ ተቆጥሮ አያልቅም። እዚያ ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ሂዱ። ቅርጫት ይዛችሁ አትሂዱ።

የሚበላውን ከማይበላው የሚለይ አንድ ምልክት የለም?

የለም።

ይህን ስል ሰው ቅር ይለዋል። አንድ ዘዴ ደብቄበት ይመስለዋል። ግን በቃ የለም። የሚበላ እንጉዳይ የሚታወቀው በራሱ በዓይነቱ ነው። የምታውቀውን ጎረቤት ከሩቅ በአረማመዱ እንደምትለየው ማለት ነው። «መልካቸው ደግ የሆነ ሰዎች ሁሉ ደግ ናቸው» ብሎ በር የሚከፍት ሰው የለም። እንጉዳይ ላይ ግን እንደዚያ እናደርጋለን።

ከየአቅጣጫው የምሰማቸውን «ዘዴዎች» ልዘርዝራቸው፤ አንዳቸውም አይሠሩም።

«ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቀቅል፣ ከጠቆረ መርዝ ነው።» ነጭ ሽንኩርት ለመርዙ ደንታ የለውም። ገዳዩን እንጉዳይ ቀቅላችሁም ሽንኩርቱ እንደነጣ ሊወጣ ይችላል። የብር ማንኪያና የብር ሳንቲም ነገርም ያው ነው። ብር የሚያጠቁረው ድኝ ያለበት ነገር ነው፤ እንቁላልም ያጠቁረዋል።

«ትል ከገባበት ይበላል።» ጉበት የሚያፈርሱትን እንጉዳዮች ያለ ምንም ችግር የሚበሉ የዝንብ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች አሉ። የእነሱ ሆድ የእኛ አይደለም።

«ጦጣ ከበላችው ይበላል።» ይህቺ የሀዋሳ ፈጠራ ሳትሆን አትቀርም። የአሞራ ገደል ጦጣዎች ከእንግዳ እጅ ብስኩት ነጥቀው፣ ከነላስቲኩ ለመብላት የሚሞክሩ ናቸው። እነሱን የምግብ ባለሙያ ማድረግ ይቅርብን።

«ነጭ ከሆነ፣ ቆዳው ከተላጠ፣ ሽታው ጥሩ ከሆነ…» በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደለው እንጉዳይ ቆዳው በቀላሉ ይላጣል። ቀምሰው የተረፉ ሰዎች እንደመሰከሩት ደግሞ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ይሄ ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ። ምላስ አያስጠነቅቅም።

«እንጨት ላይ የበቀለ ሁሉ ይበላል።» ይህም ሐሰት ነው። ጋለሪና የሚባል ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ አለ። የበሰበሰ እንጨት ላይ ይበቅላል፤ የሚይዘው ያንኑ ጉበት የሚያፈርስ መርዝ ነው።

ግቢያችን ሣር ላይ የበቀለው ትልቁ ነጭ እንጉዳይስ? በጣም ያምራል እኮ!

ያምራል። እንዲያውም ለዚህ ጥያቄ ስል ነው ሁሉንም መጻፍ የጀመርኩት።

አንድ የፍልሰታ ሰሞን ጎረቤቴ ሰፌድ ሞልታ መጣች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። እንጉዳዮቹ ሳህን ሳህን ያክላሉ። ቆባቸው ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ የተበተነ ቡናማ ቅርፊት አለበት። አገዳቸው ረጅም ነው። ቀለበት አለው፤ ቀለበቱን ላይና ታች ብታንሸራትቱት ይንቀሳቀሳል። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ የተደረደሩት ስስ ገጾች ነጭ ናቸው። «ለልጆቹ ጥብስ ልሠራው ነው፤ አንተ እንጉዳይ ታውቃለህ ብለው ነው» አለችኝ። ዘይቱ ምጣድ ላይ ሳይሆን አይቀርም ነበር።

እስከ ነገ ጠብቂኝ አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ እንጉዳይ ምን ይጥማል? ግን ጠበቀች።

የአንዱን አገዳ ቆረጥኩና ቆቡን ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ ደፋሁት። በላዩ ጎድጓዳ ሳህን ከደንኩበት። ጠዋት ከፍቼ ቆቡን ሳነሳው ወረቀቱ ላይ የእንጉዳዩ ገጾች ማኅተም ተቀምጧል። ማኅተሙ አረንጓዴ ነው። የደረቀ የበሶብላ ዱቄት የመሰለ ደብዛዛ አረንጓዴ።

ይህ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስ የሚባለው ነው። በሞቃት አገሮች ሣር ላይ የተለመደ ነው። እንዲህ አረንጓዴ ዱቄት የሚጥል ትልቅ የሣር ላይ እንጉዳይ ሌላ አታገኙም ማለት ይቻላል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ግን በተበላ በ1 እና በ3 ሰዓት መካከል አንጀት ይገለብጣል። ትውከቱና ተቅማጡ ከባድ ነው፤ ደም የቀላቀለ ሊሆንም ይችላል። ለትንሽ ልጅ ያ ሁሉ ፈሳሽ መውጣቱ ራሱ አደገኛ ነው።

ወረቀቱን ለጎረቤቴ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ሰፌዱን ቆሻሻው ላይ ገለበጠችና «ለካ ቀለም ኖሮታል!» አለች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ እሷ ቤት ነው፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች።

የዱቄት ማኅተሙን እኔም ቤት መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሳይንሱ ስፖር ይለዋል። የእንጉዳይ ዘር በሉት፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። በደንብ የተከፈተ ቆብ ያስፈልጋችኋል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ወረቀት አዘጋጁ፤ ነጭ ዱቄት ነጭ ወረቀት ላይ አይታይማ። ገጾቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ድፉት። ንፋስ እንዳይገባው ክደኑት። ከጥቂት ሰዓት ጀምሮ ይታያል፣ ማሳደር ግን ይሻላል።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። አረንጓዴ ከሆነ ጣሉት። ነጭ ከሆነ ከገዳዮቹ ቤተሰብ ከአማኒታ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄው ይጨምር፤ የሚበሉ ብዙ እንጉዳዮችም ግን ነጭ ናቸው። የቸኮሌት ቡናማ ከሆነ ሱፐርማርኬት ከሚሸጠው የበተን እንጉዳይ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ከነዚህም መሃል ሆድ የሚያሳምሙ አሉ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይም ነው፣ የሌሎችም ነው።

ስለዚህ ማኅተሙ «አትብላ» ሲል እመኑት። «ብላ» ግን አይልም፤ ያ ፈቃድ ከእሱ አይገኝም።

ለምን ከነሥሩ ቆፍረህ አውጣ ትላለህ?

የገዳዩ መታወቂያ ያለው አፈር ውስጥ ስለሆነ ነው።

አማኒታ የሚባለው ቤተሰብ ሲወለድ እንቁላል ይመስላል። ሲያድግ ሽፋኑን ቀዶ ይወጣል። የተቀደደው ሽፋን አገዳው ሥር እንደ ከረጢት ሆኖ ይቀራል፤ ልጅ ሱሪውን አውልቆ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደተወው። በቢላ ከላይ ከቀነጠሳችሁት ከረጢቱ አፈር ውስጥ ይቀራል። እናንተ ቅርጫታችሁ ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ነጭ ቆንጆ እንጉዳይ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ሥሩ ላይ ከረጢት፣ አገዳው ላይ ቀለበት፣ ከቆቡ ሥር ነጭ ገጽ፦ ሦስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ተዉት። ሁለቱን ብቻ ካያችሁም ተዉት። አንዱም ባይኖር ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ዝናብ ቀለበቱን ያጥበዋል፣ ከረጢቱም ይበሰብሳል።

ክብ ነጭ ኳስ የሚመስሉትን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቋቸው። ውስጡ ሙሉ በሙሉ እንደ አይብ ነጭ መሆን አለበት። የጃንጥላ ቅርጽ፣ የገጽ ጥላ የመሰለ መስመር ካያችሁ ያ ኳስ አይደለም። ገና ያልተፈለፈለ አማኒታ ሊሆን ይችላል።

የኩይሳ እንጉዳይ ግን ይበላል አይደል?

አዎ፣ በአፍሪካ ከሚወደዱት የዱር እንጉዳዮች ዋነኛው ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። አንዳንድ ምስጦች ገበሬ ናቸው። ኩይሳው ውስጥ ከታኘከ እንጨትና ሣር ማሳ ሠርተው ፈንገስ ያለማሉ፤ ምግባቸው እሱ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ያ ፈንገስ ፍሬውን ወደ ላይ ይልካል። ሳይንሱ ተርሚቶማይሲስ ይለዋል።

መለያው ሥሩ ነው። በጥንቃቄ ከቆፈራችሁ አገዳው አፈር ውስጥ እየቀጠነ እንደ ጅራት ወደ ኩይሳው ሆድ ይወርዳል። አንዳንዱ የክንድ ያህል ይሆናል። ቆቡ መሃል ላይ ሹል ወይም ጉብ ያለ ነገር አለው። ሥሩ ላይ ከረጢት የለውም። ማኅተሙ ፈዛዛ ሮዝ ወይም ክሬም ነው።

ግን ኩይሳ አጠገብ የበቀለ ሁሉ የኩይሳ እንጉዳይ አይደለም። ኩይሳው ሌሎችን አያባርርም። መጀመሪያ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ፣ ሦስት አራት ክረምት ቆፍራችሁ እስክትለምዱት ብቻችሁን አትልቀሙ።

አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለቅም ኖራለች። ከሷ ትበልጣለህ?

አልበልጥም። አያትህ የምታውቀውን እኔ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። በአገራችን የማጃንግ ሕዝብ ብዙ ዓይነት የዱር እንጉዳይ ለይቶ፣ ስም ሰጥቶ ይመገባል። ያ የእውነት ዕውቀት ነው።

ግን ዕውቀቱ የቦታው ነው። ከተወለደችበት ቀበሌ የምታውቀው እንጉዳይ ሀዋሳ ላይ መንታ ሊኖረው ይችላል። እዚህ ከተማ ደግሞ ሁላችንም ከየትም የመጣን ነን። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አሜሪካ የገቡ ስደተኞች አገራቸው የሚበሉትን የሩዝ ገለባ እንጉዳይ ያገኙ መስሏቸው ገዳዩን አማኒታ በልተው ሞተዋል። ሰዎቹ እንጉዳይ የማያውቁ አልነበሩም። ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁት የሌላ አገሩን ነበር።

በደንብ ብቀቅለውስ? ውሃውን ብደፋው?

የአማኒታ መርዝ በእሳት አይጠፋም። መቀቀል፣ መጥበስ፣ በፀሐይ ማድረቅ፣ ፍሪዘር ውስጥ መክረም ምንም አያደርጉትም። ወጥ ውስጥ ከገባ ደግሞ መረቁም መርዝ ይሆናል። አንዱን ክፉ ለይቶ አውጥቶ ሌላውን መብላት የለም፤ ድስቱ ይደፋ።

ፎቶ ብልክልህ ወይም በስልክ አፕ ባየውስ?

አፕ አለኝ፣ እጠቀምበታለሁ፤ ስም ለመገመት ያግዛል። አንድ ቀን ግን ከጎን ያነሳሁትን አንድ እንጉዳይ የሚበላ አለኝ፤ ዞሬ ከሥር ሳነሳው መርዛማ አለኝ። ያው እንጉዳይ፣ ያው ደቂቃ። ፎቶ ሥሩን አያሳይም፣ ዱቄቱን አያሳይም፣ አይሸትም። በቴሌግራም ግሩፕ «ብላው ብራዘር፣ እኔ በልቼዋለሁ» የሚላችሁ ሰውም ሆስፒታል አብሯችሁ አያድርም። እኔም በፎቶ «ይበላል» ብዬ አላውቅም፤ ስልካችሁን አታድክሙ።

ከበላሁት በኋላ ምንም ካልተሰማኝ ደህና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ቶሎ የሚያስመልስ እንጉዳይ ብዙውን ጊዜ ከሞት አያደርስም። የሚያስፈራው የሚዘገየው ነው። ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ እራት በላችሁ እንበል። ገዳዩ አማኒታ ከሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት ምንም አይሰማችሁም። ማክሰኞ ጠዋት ወይም ረፋዱ ላይም ሊጀምር ይችላል። ከዚያ ቁርጠት፣ ትውከት፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ። ሰው «ታይፎይድ ነው»፣ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላል። የትናንቱ እራት ትዝ አይለውም፤ ምግቡ ካለፈ ስንት ሰዓት ሆኖታል!

ረቡዕ ይሻለዋል። ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠይቃል። ቤተሰቡ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። መርዙ ግን በዚያ ሰዓት ጉበቱ ላይ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጉበት ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያደርጋቸዋል። ሐሙስ ወይም ዓርብ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀባዥራል፣ ይደማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የምሳ ግብዣ ላይ በቀረበ የዚህ እንጉዳይ ምግብ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በልተው የተነሱት ቀን ነው፤ ሕመሙ የጀመራቸው ግን ሌሊት ነበር። ዘመናዊ ሆስፒታል ደርሰውም አልተረፉም። ለአንድ አዋቂ ሰው ግማሽ ቆብ ሊበቃ ይችላል።

ኩላሊት የሚያበላሽ ሌላ ዓይነትም አለ። ኮርቲናሪየስ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ዝም ብለው ይቆያሉ። ተቃራኒው ደግሞ ሙስካሪን የሚባል መርዝ ያለበት ነው። በሩብ ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል ላብ ያጠምቃል፣ እንባና ምራቅ ያወርዳል። ለዚህኛው ሐኪም ቤት አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ።

ከተጠራጠርኩ ምን ላድርግ? ወተት ልጠጣ?

ወተት አይፈታውም። ሁላችንም ቤት የመጀመሪያው ሐሳብ ወተት ነው፣ ቀጥሎ አረቄ፣ ቀጥሎ ጣት ጉሮሮ መክተት። ሦስቱንም ተዉአቸው። ጊዜ ነው የሚባክነው።

ሕመም ባይጀምራችሁም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሀዋሳ ውስጥ ያላችሁ አዳሬ ወይም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ የቀረባችሁ። ባጃጅ ካገኛችሁ በባጃጅ፤ ሰውየው መቀመጥ ካቃተው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አብሯችሁ ከድስቱ የበላ ሁሉ አብሮ ይሂድ። «እኔ ትንሽ ነው የቀመስኩት» የሚለው ዘመድ ሁልጊዜ አለ፤ እሱም ይሂድ።

የተረፈውን እንጉዳይ፣ የተላጠውንም ልጣጭ፣ የበሰለውንም ይዛችሁ ሂዱ። ጥሬውን በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፌስታል ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ከሁሉም በላይ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «እንጉዳይ በልቻለሁ፣ በዚህ ሰዓት በልቼ በዚህ ሰዓት ጀመረኝ» በሉት። በተቅማጥና በትውከት ተሰልፈው ከመጡ ብዙ ሰዎች እናንተን የሚለየው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሐኪም ቤት በሆድ የቀረውን መርዝ የሚይዝ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ሊሰጡ ይችላሉ። ቤት ያለውን ከሰል ፈጭታችሁ እንዳትጠጡ፤ ያኛው ሌላ ነው።

ቢራ ጋር አይሄድም የሚባለው እውነት ነው?

ለአንድ ዓይነት እውነት ነው። ሲያረጅ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ የቀለም እንጉዳይ አለ። ብቻውን የበላው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። አልኮል ከጨመረበት ግን ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል። ከተበላ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በተጠጣ መጠጥም ይመጣል። ሐይቅ ዳር ለመዝናናት የመጣ ሰው ቢራው ተበላሽቶ ነው ብሎ ከአስተናጋጁ ጋር ይጣላል።

በእጄ ብነካው ይመርዘኛል?

አይመርዝም። መርዙ የሚገባው ሲበላ ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ ለመብል ከምትይዙት ጋር አታነካኩት።

ትንሽ ልጅ አለኝ፤ ግቢው በክረምት ይሞላል። ምን ላድርግ?

ጠዋት ጠዋት ልጁ ከመውጣቱ በፊት ነቅላችሁ ጣሉት። ክሩ አፈር ውስጥ ስላለ ይመለሳል፤ እናንተም ተመለሱ። ልጁ አፉ ውስጥ ከከተተ አፉን አጽዱለት፣ ቁራጩን ያዙ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። የቤት ውሻችሁንም አትርሱ፤ ውሻም ይሞታል።

መንገድ ዳር ከሚሸጡት ብገዛስ?

የለቀመውን ሰው ካላወቃችሁት አትግዙ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ሲያዩት ያስጎመጃል፣ ይገባኛል። ግን ሻጩ ራሱ ከሌላ ሰው የገዛ ሊሆን ይችላል፣ ሥሩም ተቆርጧል። በተረፈ እንጉዳይ ከአፈሩ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ይሰበስባል፤ የሚበላው ዓይነት እንኳ ከአስፋልት ዳርና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አይለቀምም።

ታዲያ እንጉዳይ ሲያምረኝ ምን ልብላ?

የተመረተውን። ኦይስተርና በተን የሚባሉት በብዛት ይታወቃሉ። ኦይስተር ቤት ውስጥም ይበቅላል፤ የሀዋሳ አየር ይስማማዋል። የስንዴ ወይም የጤፍ ገለባ ይከተፋል፣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል። የቡና ገለባ ቀላቅሎ የሚሠራም አለ፤ ሲዳማ ላይ ሆኖ የቡና ገለባ ማጣት አይቻልም። ሲቀዘቅዝ ከእንጉዳይ ዘር ጋር ተቀላቅሎ በተበሳሳ ፌስታል ይታሰራል። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት አካባቢ ሲቆይ ፌስታሉ በሙሉ ይነጣል። ከዚያ ብርሃንና አየር፣ በየቀኑ ውሃ እፍ እፍ ማድረግ። ዘሩን ከታወቀ አምራች ግዙ፤ ከጫካ ባመጣችሁት አትጀምሩ።

ሲሠራ ውሃ ስለሚያወጣ መጀመሪያ ያለ ዘይት ምጣድ ላይ ውሃውን አድርቁት። ከዚያ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ሮዝመሪ። በጥሬው አትብሉት።

አንተስ አሁንም የዱር እንጉዳይ ትበላለህ?

አንድ ዓይነት ብቻ እበላ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ኩይሳ ነበር። ያሳዩኝ እዚያው ከብት የሚጠብቁ አዛውንት ናቸው። አምስት ክረምት አብሬያቸው ቆፍሬበታለሁ። እሳቸው ሁልጊዜ ጅራቱ ሳይበጠስ እንዲወጣ ስለሚፈልጉ አንዱን ለማውጣት ሩብ ሰዓት ይፈጅብናል። ከተበጠሰ ያንን አይወስዱትም፤ «ሥሩን ያላየሁትን አልበላም» ይላሉ።

አምና ስሄድ ኩይሳው ተደልድሎ የቤት መሠረት ተቆፍሮበታል። አዛውንቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግንበኞቹን ያያሉ። ለዘንድሮ ፍልሰታ ሁለት ፌስታል ኦይስተር አብቅያለሁ፤ አንዱን ለእሳቸው ልወስድላቸው ነው። ሥሩን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ።